በሳህኑ ላይ የነበረችው ሴት ዓይን

ይህን ነገር እስከ ትናንት ከአፌ አላወጣሁትም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለልጄም አልነገርኩም ነበር። ብቻዬን ስጸልይ እንኳ በዳር በዳሩ ነው የማልፈው፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ አማትቤ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ያውቀው የለ፣ ምን አስነገረኝ እላለሁ። እሱ ማወቁ ግን ለአስቴር ምን ጠቀማት?

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ አያምርም፣ ነገር ማሳመርም አልችልበትም። ስለዚህ ያጠፋሁትን መጀመሪያ ልናገረውና እንዴት እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ። ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከድሮ ጀምሮ የቆየ የቻይና ሳህን ላይ የተሳለች ሴት ነበረች። ዓይኗን ፋቅኩት። እኔ ነኝ የፋቅኩት። ፋቅኩና ዝም አልኩ፣ በእኔ ጥፋት አስቴር ከሥራ ተባረረች፣ ስሟም ጠፋ። ነገሩ ይኸው ነው። ስጽፈው አንድ መስመር ተኩል ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች መጠበቅ ነው፤ እዚህ ኬርጊቨር ይሉናል። ቤቴ ሳን ሊያንድሮ ነው። ያን ጊዜ ኦክላንድ ኮረብታው ላይ አንድ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ እያደርኩ እሠራ ነበር። የምጠብቃቸው ሴትዮ ቻይናዊት ናቸው፤ ማማ ሊን ነበር የምንላቸው። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደርቋል። ንግግራቸውም ሄዷል። ድምፅ ያወጣሉ፣ ቃል ግን አይሆንላቸውም። ድምፃቸውን የለመድኩት እኔ ነኝ። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ «በርዷቸው ነው»፣ «ትራሱ ዝቅ ይበልላቸው ነው የሚሉት» እያልኩ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ልጃቸው ጆይስ ሚልፒታስ ነው የምትኖረው፤ በየእሁዱ ትመጣለች። «የሺ ባትኖር እናቴ ብቻዋን ነበረች» ትል ነበር ለሰው ሁሉ። እንዲህ ነበር የምታምነኝ።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አስቴር ነበረች የምትሠራው። ያስገባኋት እኔ ነኝ። በዲቪ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ስናነሣ ነው የተዋወቅነው። ሥራ አጥታ አክስቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው። ለሚያሠራን ኤጀንሲ ደውዬ «እጇ ንጹሕ ነው፣ እኔ እመሰክርላታለሁ» አልኩ። በእኔ ቃል ነው የገባችው። በእኔ ቃል እንደወጣች ስታነቡ ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ሳህኑ ከማማ ሊን አልጋ ፊት ለፊት ባለው የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ተደግፎ የቆመ ነበር። ዝርግ ነው፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው የማነሣው። መሬቱ ነጭ ነው፣ የወተት ነጭ። መሀሉ ላይ አንዲት ሴት ረጅም ሮዝ ልብስ ለብሳ፣ በትከሻዋ ላይ ባለ ዱላ ቅርጫት አንጠልጥላ ትሄዳለች። ቅርጫቱ ውስጥ ኮክና አበባ አለ። አጠገቧ አጋዘን ይከተላታል። ከላይ ደግሞ፣ ማመን ያቃተኝ ይህ ነው፣ ቀያይ የሌሊት ወፎች ይበራሉ።

ሥራ የጀመርኩ ሳምንት ጆይስ ሳህኑን አውጥታ ጣቴን ይዛ በቀስታ አስነካችኝ። ቀለሙ እንደ ዳነ ቁስል ከፍ ከፍ ይላል። ነጩ ሳህን ለብቻው አንድ ጊዜ እሳት ይገባል አለችኝ፤ ከዚያ በተፈጨ መስተዋት የተበጠበጠ ቀለም በላዩ ይሳልበትና እንደገና ይተኮሳል። «ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ላዩን ነው የተቀመጠው፤ ሎሚ አይንካው፣ ኮምጣጤ አይንካው፣ ሻካራ ስፖንጅ አይንካው። በዚህች ብሩሽ አቧራውን ብቻ» አለች። ለስላሳ ብሩሽ ሰጠችኝ። ዘንድሮ ሰው ሲያጠፋ አልተነገረኝም ይላል። እኔ ተነግሮኛል። እንዳይጠፋ ብላ የነገረችኝን በምን እንደሚጠፋ አድርጌ ነው የያዝኩት።

አሁን የፈራሁትን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ የተሳለችው በጎን ነው። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት።

እንደኔ ብዙ ሳይማር ያደገ ሰው ሥዕል ማንበብ የሚማረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ሰይጣን በጎን ይሳላል። ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ጌታን የሸጠው፣ ሁሉም በጎን ናቸው፤ አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ማን የእግዚአብሔር፣ ማን የዲያብሎስ እንደሆነ በዚያ ነው የምንለየው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ደብር ግድግዳ ላይ ከመልአኩ እግር ሥር የተሳለ ሰይጣን ነበር። ሴቶች እየመጡ ዓይኑን በሳንቲም፣ በመርፌ፣ በጥፍራቸው ፍቀውት ሥሩ ያለው ኖራ ወጥቶ ነበር። እናቴ በብብቴ ይዛ አንሥታኝ «ፋቂው፣ እንዳያይሽ» አለችኝ። ፋቅኩት። የኖራው ዱቄት ጥፍሬ ውስጥ ገባ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

እንግዲህ ያቺ ባለ አንድ ዓይን ሴት፣ የሌሊት ወፍ በላይዋ እያንዣበበ፣ ቀኑን ሙሉ ታየኝ ነበር። አልጋ ሳነጥፍ ታየኛለች። ማማ ሊንን ሳገላብጥ ታየኛለች። መስኮቱ ጋ ስሄድ እዚያ ትከተለኛለች። ዓይኗ እንደ ጤፍ ፍሬ ናት፣ ጥቁር ናት፤ ከሩቅ ግን ፊቷ ላይ ከሷ ሌላ ነገር አይታየኝም። አንድ ቀን ሳህኑን አዙሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረግኩት። ማማ ሊንን አጥቤ፣ ውሃውን ደፍቼ ስመለስ ወደ እኛ ዞሯል። ቤቱ ውስጥ ከእኔና መንቀሳቀስ ከማይችሉት ሴትዮ በስተቀር ማንም አልነበረም። እኔው ራሴ መልሼው ይሆን? ረስቼው ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓርብ አመሻሹ ላይ አስቴር ልትረከበኝ ስትመጣ ጠየቅኳት።

«አስቴር፣ ይቺ ሴትዮ አታስፈራሽም?»

«የቷ? የሳህኗ? ኧረ እትዬ የሺ፣ እሷ እኮ ልደት ተጠርታ የምትሄድ ናት። ጆይስን ጠይቄያታለሁ። ኮኩ ረጅም ዕድሜ ነው፣ የሌሊት ወፎቹ በረከት ናቸው። የማማ ሊን እናት ለልደታቸው የተሰጣቸው ነው አለችኝ።»

«የሌሊት ወፍ ነው በረከት?»

«እነሱ ጋ እንደዚያ ነው። እኛስ እርግብ ስንል ማን ጠየቀን?»

«አንድ ዓይን ነው ያላት።»

«ወደ ጎን ዞራ ነዋ። እርስዎም ቲቪ ሲያዩ ከዚህ ሆኜ ሳይዎት አንድ ዓይን ነው ያለዎት። ጠበል ላጥምቅዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ግን ወደ ቁም ሣጥኑ አላየሁም።

ይህንንም የምነግራችሁ ትርጉሙ ሳይነገረኝ እንዳልቀረ እንድታውቁ ነው። መልካም ምኞት እንደሆነች ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የፋቅኳት።

በዚያን ጊዜ ልጄ ሰላም ሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ሳን ሆዜ ከባሏ ጋ ነው የምትኖረው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤ ሁለተኛው ቅርጽ ይዞ ነበር። ሦስተኛውን ስትይዝ እኔ ደስ አላለኝም፣ ፍርሃት ነው የያዘኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሳላማትብ አላነሣውም ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ደወለች።

«ማሚ፣ ቤቢው ዛሬ ሙቭ አላደረገም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ነርሷን ኮል አድርጌያለሁ። ቀዝቃዛ ነገር ጠጪ፣ በግራሽ ተኚ፣ ካውንት አድርጊ አለችኝ። ካልሆነ ሆስፒታል እንሄዳለን። ማሚ፣ አይም ስኬርድ።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አልኳት። እኔ ከእሷ ይልቅ ፈርቼ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ቀና አልኩ። ዓይኔ ያቺ ዓይን ላይ አረፈ።

ምን አሰብኩ? ያሰብኩትን ላሳምረው አልፈልግም። ይቺ ናት አልኩ። ወር ሙሉ የምታየኝ እኔን አይደለም፣ በእኔ በኩል ልጄን ነው የምታየው አልኩ። ማማ ሊን ተኝተዋል። ፀሐይ ቤቱን ሞልቶታል፣ ጭር ብሏል፣ እሳቸው የሚተነፍሱበት የኦክስጅን ማሽን ብቻ ነው የሚሰማው። ወጥ ቤት ሄድኩ። ሎሚ ቆረጥኩ። አረንጓዴዋን ሻካራ ስፖንጅ በመቀስ በትንሹ ቀደድኩ፣ የአውራ ጣቴን ያህል።  ሎሚውን በሁለት ከፍዬ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ መልሻለሁ። የደነገጠ ሰው እንደዚያ ያደርጋል? አውቄ ነው ያደረግኩት።

ሳህኑን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ዓይኗን ሎሚ ቀባሁት። ጠበቅኩ። ከዚያ ፋቅኩት። የሚከብድ መስሎኝ ነበር፣ አልከበደም። ሦስት አራት ጊዜ ነው ያሸሁት። ጥቁሩ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ስፖንጁ ላይ ወጣ። የጉንጯ ሮዝም አብሮ ደበዘዘ። ከመቶ ዓመት በላይ ያየች ዓይን አንድ አባታችን ሆይ እስኪባል እንኳ ሳትቆይ ጠፋች። ቦታው ነጭ ሆነ።

ሲጠፋ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ነጩ ባሰብኝ። በፊት ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች የምታየኝ፣ አሁን ፊቷ በሙሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ማማ ሊን ነቅተዋል። መቼ እንደነቁ አላውቅም። እኔን አላዩም፣ ጭኔ ላይ ያለውን ሳህን ነው ያዩት። የምትሠራላቸውን ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡና የገዛ ዓይናቸውን ሸፈኑ። አንዱን ብቻ። በሌላው ሳህኑን ያያሉ። አልጮሁም። እንደዚያ ሆነው ቆዩ።

ስልኬ ጠራ። ሰላም ናት። እየሳቀች፣ እያለቀሰች «ማሚ፣ ኪክ አደረገኝ፣ እንደጉድ ነው ኪክ የሚያደርገኝ» አለችኝ።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝን ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሠራ። እኔ ፋቅኩ፣ እሱ ተንቀሳቀሰ። ተንበረከክኩና አመሰገንኩ። ማንን ነበር የማመሰግነው? ሎሚ የነካ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ከኋላዬ አንዲት ሽማግሌ ዓይናቸውን ሸፍነው እያዩኝ፣ ማንን ነው ያመሰገንኩት? ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ሳህኑን መለስኩት። ብርሃን ፊቷ ላይ እንዳያርፍ ትንሽ ሰያፍ አድርጌ አቆምኩት። አስቴር መጣች፣ አስረከብኳት፣ ወደ ልጄ ሄድኩ። ቅዳሜና እሁድ የሰላም ሆድ ላይ እጄን አድርጌ ዋልኩ። ስለ ሳህኑ አላሰብኩም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አላሰብኩም። ልጁን ያዳንኩት ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ጆይስ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ አየችው። ሰኞ ጠዋት ስገባ ጆይስና አስቴር ቆመዋል፣ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፎለት ተኝቷል። ጆይስ አልጮኸችም። አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። የእናቷ እናት ሲሰደዱ ከልብስ ጋ ጠቅልለው ያመጡት ነው። አስቴር «አልነካሁትም፣ ቁም ሣጥኑንም አልከፈትኩም» አለች በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረው። ጆይስ ወደ እኔ ዞረች።

«የሺ፣ ዓርብ ስትወጪ ደህና ነበር?»

እዚህ ላይ ነው። ሳህኑን የፋቅኩት በፍርሃት ነው እንበል። እዚህ ላይስ? አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። የማማ ሊንን ትራስ እያስተካከልኩ ነበር፣ ማስተካከሌን አልተውኩም።

«ፍራይደይ ኦኬ ነበር» አልኩ።

አስቴር በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «እትዬ የሺ፣ ስረከብዎት አብረን አላየነውም እኮ» አለችኝ። ክስ አልነበረም፣ እርዳታ ነበር የምትጠይቀኝ። ፊቴን አላዞርኩላትም። የትራሱን ልብስ እየጎተትኩ በጎን ነው ያየኋት። እሷም ያየችው አንድ ዓይኔን ነው።

ማማ ሊን ያን ጊዜ ጀመሩ። ከደረታቸው የሚወጣ ድምፅ፣ እንደዚያ ሲያሰሙ ሰምቼ አላውቅም። ግራ እጃቸውን አነሡ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ጆይስ ሮጣ መጣች፣ «ምንድነው የምትለው? የሺ፣ ምን ፈልጋ ነው?»

ውሃ ፈልገው ነው አልኩ።

ብርጭቆውን አነሣሁ፣ ቀጭኑን ቱቦ ከንፈራቸው ላይ አደረግኩ። አፋቸውን ገጠሙ። ውሃው በአገጫቸው ወረደ። ጠረግኩላቸው። ጆይስ አመነችኝ፤ ድምፃቸውን የማውቀው እኔ ነኛ። እኚያ ሴትዮ የነበራቸው የመጨረሻ ምስክርነት ይህ ነበር፣ እኔ ውሃ ነው አልኩት። ሳህኑን ከመፋቄም፣ አስቴርን ከመክዳቴም፣ ከሁሉም ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። አንደበት የሌለውን ሰው አንደበት ይዤ ለራሴ ተጠቀምኩበት።

አስቴር ጃኬቷን ለበሰች። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ የሺ፣ የጀርባ ቅባታቸውን ዛሬ አልቀባኋቸውም፣ ኮመዲኖው ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለችኝ። ሥራዋን አስረክባኝ ነው የሄደችው።

ኤጀንሲው ከዚያ በኋላ አልጠራትም። ፋይሏ ላይ የሰው ዕቃ አበላሽታ ካደች ብለው ጻፉ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቴሜስካል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ «ያቺ የሽማግሌዋን ቅርስ ያበላሸችው ልጅ እኮ» ይላሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ። ዝም ብዬ በላሁ። በሦስተኛው ወር አስቴር ሌላ ስቴት ሄደች፣ ዕቃ ማሸጊያ መጋዘን ገባች አሉ።

ማማ ሊን ከእኔ ጋ ሁለት ወር ቆዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ፊት ለፊት አይተውኝ አያውቁም። ሳጎርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ጉንጫቸው፣ አንድ ዓይናቸው፣ እሷም ተከፍታ። ሳጥባቸው በጎን። ስስቅላቸው በጎን። እንደ ሳህኗ ሴት። ሲያርፉም በጎን ነበሩ። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ለመክደን ፊታቸውን ማዞር ነበረብኝ፣ አንገታቸው እምቢ አለኝ።

የልጅ ልጄ በሰላም ተወለደ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እናቱ ስታጠባው በጎን ያየኛል፤ አንድ ዓይን። ባርት ባቡር ላይ ከሳን ሆዜ ስመለስ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አንድ አንድ ዓይን ናቸው። ባስ ነጂው አንድ ዓይን ነው። ካህኑ ወደ መንበሩ ዞር ሲሉ አንድ ዓይን ናቸው። የአስቴር ቀልድ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሁሉ በጎኑ እንደዚያ ነው። እሷ ሴትዮ ምንም አልነበረባትም፤ ለሰው ልደት ፍሬ ይዛ መንገድ የምትሄድ ሴት ነበረች። መንገደኛ ፊቱን ወደ መንገዱ ነው የሚያዞረው።

ገብቶኝ ለምን ዝም አልኩ ትሉኛላችሁ። ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፣ ከዚህኛው እሱ ይሻል ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ከተናገርኩ ይመለሳል ብዬ ነው። ዓይኑን ስፍቅ የተሰጠኝ፣ መፋቄን ሳምን ይወሰድብኛል ብዬ። ልጁ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ሶፋ ላይ ይዘላል፣ «አያቴ፣ ሉክ አት ሚ» ይላል። ባሳለው ቁጥር ልናገር ያሰብኩትን እውጣለሁ። ጭንቅላቴ ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። ነርሷ ቀዝቃዛ ጠጪ ብላት ጠጥታ ነው የተንቀሳቀሰው ይለኛል። ሆዴ አያምንም። ይህን ሰላም ቤት ሆኜ ስጽፍ እንኳ ልጁ ወዳለበት ክፍል ሦስት ጊዜ ሄጄ እስትንፋሱን አዳምጫለሁ። ይኸው እየፈራሁ ነው የምጽፈው፣ ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ብጠብቅ አራት ዓመት ሌላ አራት ዓመት ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አስቴር ደወለች። ቁጥሩን አላወቅኩትም።

«እትዬ የሺ፣ ድምፄን ረሱት?»

«አስቴር?»

«ሰው ይረሳል እንዴ ያስገባውን። እንዴት ነዎት? ሰላም ወለደች አሉ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፤ አራት ዓመት ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ወደ ኦክላንድ መመለስ ትፈልጋለች። መጋዘኑ ወገቧን ጎድቶታል፤ የምትወደው ሥራ ይህ ነው፣ ሰው መጠበቅ። አዲሱ ኤጀንሲ የድሮውን ጠየቀ፣ የድሮው ያንን ነገር ነገራቸው። የሚመሰክርልሽ ሰው ካለ አምጪ፣ ከሌለ አንቀጥርሽም ብለዋታል።

«ማንን ልበል? እርስዎ ብቻ ነዎት ትዝ ያሉኝ። እንዳላደረግኩት ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

 ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ። «እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያምኑኛል ብዬ ነበር፣ ግን ያን ቀን ዝም ሲሉኝ...» አለችና ተወችው። «አይ፣ ግድ የለም። እርስዎም ሥራዎን ፈርተው ነው።»

ምክንያት ፈለገችልኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ፣ «ፎርሙን ላኪልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከአራት ዓመት በፊት ያደረግኩትን ባለፈው ሳምንት ደገምኩት ማለት ነው።

ፎርሙ መጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰላም ምን ይላል ብላት አነበበችልኝ፤ ጠባይዋ እንዴት ነው፣ ጠንቃቃ ናት ወይ፣ ነው የሚለው። ጥሩ ጥሩውን አስሞልቼ መላክ እችል ነበር። አስቴርም ትደሰት ነበር። ፋይሏ ላይ የተጻፈው ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጥፍታለች ይባልላታል። አላጠፋችም። ምንም አላጠፋችም።

ትናንት ለሰላም ነገርኳት። ለጆይስና ለኤጀንሲው በእንግሊዝኛ እንድትጽፍልኝ። «ማሚ፣ ኖ» አለችኝ፣ «ላይሰንስሽን ይወስዱብሻል።» ከዚያ ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ስነግራት እጇ ሆዷ ላይ ሄደ፣ ባዶ ሆዷ ላይ።  ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተችና «ስሎውሊ በይ» አለችኝ። እኔ አልኩ፣ እሷ ጻፈች። የፋቅኩት እኔ ነኝ። ማማ ሊን ውሃ አልፈለጉም ነበር። ዛሬ ጠዋት ተልኳል።

የቀረችው አስቴር ናት። ይህን የምጽፈው እሷ ጋ ከመደወሌ በፊት ነው፣ ምን እንደምላት ለማወቅ። ዓይኗን ስለ መፍራቴ አልነግራትም። ስለ ደብሩ ግድግዳ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ልጄ ሆድ አልነግራትም። ከነገርኳት ታዝንልኛለች፤ ጠባይዋ ነው። እኔን ለማጽናናት ስትል የራሷን ትረሳለች። ለእናንተ የነገርኳችሁ እናንተን ስላልበደልኩ ነው። እሷ ከእኔ የሚገባት ሦስት ነገር ብቻ ነው። እኔ ነኝ የፋቅኩት። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ስትወጪ እያየሁሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ ስልኩን ሳልዘጋ እሰማለሁ።